ተስፋ ሳያስቆርጡ ስለ ቆሻሻና አካባቢ ማስተማር፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር የክበብ መምህራን

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በጥቅምት ተሟሙቆ ይቋቋማል፣ ጥር ሳያልቅ ይበተናል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጣለው በልጆቹ ላይ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ትምህርቱ “ጣና ሊጠፋ ነው” ብሎ ይጀምራል፣ አንድ ቅዳሜ ዘመቻ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይ አንድም ነገር የለም። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ አድን የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ተስፋ ቢቆርጥ ሒሳብ ስለሚችል ነው።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው አሠራር የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ልጆች ተስፋ የሚያገኙት ራሳቸው መዝነው፣ ራሳቸው ቀንሰው ካዩት ቁጥር ነው። ሥራው ጠባብ፣ የሚለካና በ12 ሳምንት የሚያልቅ ይሁን። ጣና ይቆየን፤ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ግቢ።

ከሁሉ በፊት ቅጣቱ ይቅር

ያረፈደ ተማሪ ግቢ እንዲለቅም ማድረግ በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ሳይቀር ክበብ ማቋቋም ድካም ነው። ሰኞ ጠዋት ለጥፋተኛ የተሰጠ ሥራ ረቡዕ ከሰዓት ለጎበዝ ተማሪ ክብር ሊሆን አይችልም፤ ልጆች ይህን ከመምህራን ቀድመው ያውቃሉ። ከርዕሰ መምህሩና ከዩኒት መሪዎቹ ጋር ይቀመጡና ቢያንስ ለአንድ መንፈቅ ቆሻሻ ማስለቀም ከቅጣት ዝርዝር እንዲወጣ ይስማሙ። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ በሚኒ ሚዲያም ይነገር። እምቢ ካሉ ክበቡን ከመጀመር ይልቅ በዚሁ ጉዳይ መከራከር ይሻላል።

አብሮት የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። “ቆራሌ” የሚለው ቃል በልጆች መካከል መሳደቢያ ነው። ክፍል ውስጥ አባቱ ወይም አጎቱ በዚህ ሥራ የሚኖር ልጅ ሊኖር ይችላል። በሰፈሩ የሚዞር አንድ ቆራሌ በእንግድነት ይጋብዙ፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። የትኛውን ዕቃ እንደሚገዛ፣ የትኛውን እንደማይነካና ለምን እንደሆነ ያስረዳ። ስለ መልሶ መጠቀም በከተማው ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ስድቡ ጨርሶ ባይጠፋም ይቀንሳል።

ሰውና ዕቃ

ለመጀመሪያው መንፈቅ ከ10 እስከ 12 ተማሪ ይበቃል። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ግማሹ ከጠዋት፣ ግማሹ ከከሰዓት ይሁን። በአንድ ፈረቃ ብቻ የተቋቋመ ክበብ “ያቆሸሹት የከሰዓቶቹ ናቸው” እያለ ሲካሰስ ዓመቱ ያልቃል። በፈረቃ መለዋወጫው ሰዓት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ልጅ አብረው ግቢውን አይተው በአንድ ደብተር ላይ ይፈርሙ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦

• እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን የመንጠልጠያ ሚዛን፤
• 2 በ3 ሜትር የሆነ ሸራ፤
• 6 ባዶ ጆንያ፤
• 10 ጥንድ ወፍራም ጓንት፤
• ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃና ሳሙና፤
• ባለ ካሬ ደብተርና እስክሪብቶ።

የመንጠልጠያ ሚዛን ከግማሽ ኪሎ በታች የሆነን ነገር በትክክል አያሳይም። ቀላል ዕቃ በቁጥር ይመዝገብ ወይም ከሱቅ የጠረጴዛ ሚዛን ይዋሱ። ይህን ችላ ያለ ክበብ በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ሲዘባረቅበት “ልጆቹ ተሳሳቱ” ይላል፤ ልጆቹ ግን አልተሳሳቱም።

1ኛ ሳምንት፦ ግቢው ምን ይጥላል?

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀኖች አንዱን ይምረጡ። ሰኞ የቅዳሜና የእሑድ ትርፍ ይቀላቀላል፣ የበዓል ማግሥት ደግሞ ከልክ ያለፈ ይሆናል። በዋዜማው ሲወጡ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ ሁሉ ባዶ ይደረጉ። በማግሥቱ የሁለቱም ፈረቃ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሸራው ላይ ይፈስስና በስድስት ይለያል፦ የሚበሰብስ (የማንጎ ልጣጭ፣ የታኘከ ሸንኮራ፣ ቅጠል፣ የምግብ ትራፊ)፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ሃይላንድ፣ ፌስታልና የብስኩት መጠቅለያ፣ ብረትና ጠርሙስ፣ ሌላው ሁሉ። ጆንያው ባዶውን አስቀድሞ ይመዘንና ክብደቱ ይቀነስ። እያንዳንዱ ክምር ሁለት ጊዜ ይመዘን።

መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የባትሪ ድንጋይና የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ልጆች አይነኩም። ከታየ ሥራው ይቁምና አዋቂ በወፍራም ጓንት ያንሳው። የተወጋ ልጅ ካለ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ልጆቹን ያስገርማል። በክብደት የሚያይለው የሚበሰብሰው ነው፤ በዓይን ግን ግቢውን የሞላው ፕላስቲክ ይመስላል። ይህን ልዩነት እነሱ ራሳቸው እስኪያዩት ይጠብቁ እንጂ ቀድመው አይንገሯቸው። “ታዲያ የቱን እንቀንስ?” የሚለው ጥያቄ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ክበቡ ተመሠረተ ማለት ነው።

2ኛ እስከ 5ኛ ሳምንት፦ ሃይላንድ

የመጀመሪያው ዒላማ ሃይላንድ ቢሆን ይመረጣል። ትልቁ ችግር ስለሆነ አይደለም። ገዢ ስላለው ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይታያል፤ ለጀማሪ ደግሞ ቶሎ የሚታይ ውጤት ያስፈልገዋል።

ጆንያ በእንጨት ዘንግ ላይ ወጥረው፣ ልጆች ውሃ በሚጠጡበትና በመውጫው በር አጠገብ ሁለት ቦታ ያቁሙ። አፉ ጠባብ ይሁን፤ አፉ ሰፊ ከሆነ የማንጎ ፍሬና ፌስታል ይገባበትና የተሰበሰበው ሁሉ ይበላሻል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ እንደ ስሪቱ ከ10 እስከ 20 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ከ50 እስከ 100 ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ ይንገሩ። አንድ ሙሉ ጆንያ ተሸክመው ሄደው “ሁለት ኪሎ አይሞላም” የተባሉ ልጆች የተታለሉ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ክበብ የሚፈርሰውም በዚያ ቀን ነው።

ከመጨፍለቅዎ በፊት ገዢውን ይጠይቁ። በኪሎ የሚገዛው ጨፍልቁት ይላል፤ ዘይት፣ ማር ወይም ጋዝ ለሚሞሉ ነጋዴዎች የሚያቀርበው ግን ያልተጨፈለቀውን በቁጥር ይፈልጋል። ዋጋው ስለሚዋዥቅ ቢያንስ ሦስት ገዢ ይጠየቅ፤ ጠያቂዎቹም ልጆቹ ይሁኑ። ገንዘቡ በሁለት ተማሪና በአንድ መምህር ፊርማ ይያዝ፣ መጠኑ በየሳምንቱ በሰሌዳ ይለጠፍ። ገቢው ትንሽ ነው፤ ሳሙናና ጓንት ከገዛ በቂ ነው። “ትርፋማ እንሆናለን” ብሎ ቃል መግባት በኋላ ያሳፍራል።

በመካከሉ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ሙከራ አለ። ሃይላንዱንና ክዳኑን በመቀስ ቆራርጠው ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ይጨምሩ፤ የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የተለያየ ፕላስቲክ ስለሆኑ ነው። ቆራርጠው የሚያጥቡ ፋብሪካዎችም ሁለቱን የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው። ቁራጩ እንዳይንሳፈፍ የሚያደርግ የአየር አረፋ ከተጣበቀበት በጣት ይነካ።

ፌስታል ሌላ ነገር ነው። የሚገዛው የለም፤ ያለው መንገድ መቀነስ ብቻ ነው። ለሁለተኛው መንፈቅ ቢቀመጥ ይሻላል። ልጆቹ ሕጉን ይወቁ፦ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑትን ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ሕግ መኖሩና መተግበሩ ለየቅል ስለሆኑ ጥያቄው “እኛ ግቢ ውስጥ ስንት ይገባል?” ይሁን። ለአንድ ሳምንት በር ላይ ቆመው ይቁጠሩ፤ ከዚያ ምሳ በፌስታል ለሚያመጡት ከአሮጌ ልብስ የተሰፋ ከረጢት ይሞከር። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌስታል መከልከላቸው ለትላልቆቹ ተማሪዎች ጥሩ የመከራከሪያ ርዕስ ነው።

ብስባሹ

እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቆሻሻ ወደ ጥቅም ሲለወጥ ልጆች በዓይናቸው የሚያዩበት ሥራ ይህ ነው።

ከመማሪያ ክፍሎች ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ያለ፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ይፈለግ። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይይዝም፣ ከ1.5 ሜትር ከበለጠ መሐሉ አየር ያጣል። ከሥር 20 ሴንቲ ሜትር ጭራሮ ይነጠፋል። በላዩ 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር (የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል)፣ 10 ሴንቲ ሜትር እርጥብ ነገር (ልጣጭ፣ የታጨደ ሣር)፣ 3 ሴንቲ ሜትር የከብት እበት፣ አንድ እፍኝ አመድና አፈር፤ ከዚያ ውሃ ይርከፈከፍና እንደገና ከደረቁ ይጀመራል።

ውሃው መብቃቱ በጭብጥ ይታወቃል። ከክምሩ ጨብጠው ሲጨምቁት ጠብታ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ተበተነ ማለት ደግሞ ደርቋል። ሙቀቱን ለማወቅ ደረቅ እንጨት እስከ መሐሉ ወግተው 10 ደቂቃ ይተዉት፤ ሲያወጡት እጅ ለመያዝ ከከበደ ክምሩ እየሠራ ነው። በባሕር ዳር አየር ብዙ ጊዜ በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይግላል። በ3ኛው ሳምንት ውጪው ወደ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይገለበጣል፣ በ6ኛው ሳምንት ይደገማል። በሦስት ወር ገደማ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የአፈር ሽታ ያለው ይሆናል።

ከሸተተ እርጥቡ በዝቶበታል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምረው ያገላብጡት። ካልጋለ ወይ ደርቋል ወይ አንሷል ወይ እበት ጎድሎታል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ያለው ወጥ ውሻና አይጥ ስለሚጠራ አይገባም። የጫት ገረባ በከተማው ሞልቷል፤ ነገር ግን ኬሚካል የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል ለጎመን መደብ በሚውል ክምር ውስጥ ባይጨመር ይሻላል።

ከክምሩ አጠገብ አንድ ጉድጓድ ቆፍረው የማንጎ ልጣጭ፣ የነጠላ ቁራጭ፣ የደብተር ወረቀትና ፌስታል ይቅበሩ፤ እያንዳንዱ የተቀበረበት ቦታ በእንጨት ምልክት ይደረግበት። በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ይከፈታል። ስለ መበስበስ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት የለም፤ ዝም ብለው ያሳዩአቸው።

እምቦጭን በተመለከተ

ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም። እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአበባው ውበት በሰው እጅ ዓለምን ዞረ። በጣና ላይ በይፋ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። የሚፋፋው ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽም ሲመግበው ነው። ተቆርጦ ከቀረ ቁራጭ እንደገና ይበቅላል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ “በዘመቻ እናጠፋዋለን” ብሎ ለልጅ ቃል አይገባም። በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውን ይንገሯቸው፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ተክሉን በሚበላ ጥንዚዛና በአየር ሁኔታ ለውጥ በእጅጉ ቀነሰ፤ ኋላ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ሊቀነስ እንደሚችል፣ ግን ክትትል እንደማያቋርጥ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሳያል።

ልጆችን ወደ ውሃው አያስገቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። እምቦጭ የሚወስዱት በአዋቂ ወጥቶ ዳር ላይ ከተከመረው ብቻ ነው። አበባ ወይም ዘር የያዘውን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት አዲስ ቦታ ላይ መዝራት ሊሆን ስለሚችል ይቅር፤ ያልያዘውም ቢሆን በተዘጋ ጆንያ ይጓዝ፣ ከቦይና ከኩሬ ይራቅ። ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ሳይደርቅ ከተከመረ ክምሩን ያሸተዋል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቆራርጠው ለ4 ቀን በፀሐይ ያጠውልጉት፣ ከዚያ እንደ እርጥብ ነገር ይጠቀሙበት።

ክፍል ውስጥ ምን ይባላል?

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስለ ችግሩ የሚነገረው 10 ደቂቃ፣ የእጅ ሥራው 20 ደቂቃ፣ ቁጥር መጻፊያው 10 ደቂቃ ይሁን። ሥራ ያልተያያዘበት መጥፎ ዜና ለልጅ አይሰጥ። ከ4ኛ ክፍል በታች የሞተ ዓሣና የደረቀ መሬት ፎቶ አያስፈልግም፤ አፈር መንካትና ትል ማየት ይበቃቸዋል። ከ7ኛ ክፍል በላይ ያሉት ደግሞ ሲደበቅባቸው ያውቃሉና እውነቱን እስከነጥያቄው ይስጧቸው።

ሰሌዳውን በሦስት ይክፈሉት፦ “በእጃችን ያለ”፣ “ጠይቀን የምናስለውጠው”፣ “የምናውቀው ግን የማንደርስበት”። የግቢው ሃይላንድ በመጀመሪያው፣ በበሩ አጠገብ ያለው ሳይነሳ የሚከርም የቆሻሻ ገንዳ በሁለተኛው፣ የሐይቁ እምቦጭ በሦስተኛው ይገባል። በየመንፈቁ ከሁለተኛው ዓምድ አንድ ጉዳይ ይመረጥና ልጆቹ ለቀበሌው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ተቀብለው ይመለሱ፣ በ15 ቀንም ሄደው ይጠይቁ። መልስ ካልመጣ ይህም በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ይህን መለማመድ ከመቶ መፈክር የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

አንድ ቀን “ቲቸር፣ እኛ ብንለቅም እነሱ ይጥላሉ፤ ምን ዋጋ አለው?” የሚል ልጅ ይነሳል። “ተስፋ አትቁረጥ” ብለው አይለፉት። ደብተሩን ያውጡና “ባለፈው ወር ስንት ነበር? በዚህ ወርስ?” ብለው ይጠይቁት። ቁጥሩ ቀንሶ ከሆነ መልሱን ራሱ ያነባል። ጨምሮ ከሆነ ልጁ ትክክል ነውና ይመኑለት፣ ቀጥሎ የት እንደጨመረ አብራችሁ ፈልጉ፤ ከምሳ ሰዓት ነው? ከአንዱ ሱቅ ነው? ከበዓል ነው? ለጉብኝት ሰው ሲመጣ ቁጥር ማሳመር ክበቡን የሚገድል ነገር ነው። ልጆቹ አብረው ስለመዘኑ ውሸቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ዛፍም እንዲሁ። የተተከለው አይቆጠር፣ የጸደቀው ይቆጠር። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጥቅምትና በግንቦት ይታይ፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ማን እንደሚያጠጣው ሳይታወቅ ከ50 ችግኝ ይልቅ 5 ዋንዛ መትከልና ከፍየል ማጠር ይሻላል። ሰው ደንን ትውልድ ለትውልድ ጠብቆ ማቆየት ይችል እንደሆነ ለሚጠራጠር ደግሞ ዘጌ ቅርብ ነው፤ በገዳማቱ ሥርዓት ማረስ የተከለከለበት የቡና ደን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ቤት ነው። ልጁ ቤቱ ገብቶ እናቱን “ለምን በፌስታል ገዛሽ?” ብሎ እንዳይገሥጽ አስቀድመው ይንገሩት። “እማዬ፣ ነገ ዘንቢሉን እኔ ልያዝልሽ” ማለት ይበቃል።

ኅዳርና ጥምቀት

ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። የዚያን ጊዜ ቆሻሻ ቅጠልና ጥራጊ ነበር፤ አሁን ፌስታልና ጎማ ተጨምሮበታል፣ ጭሱም መርዝ ሆኗል። ልጆቹ ልማዱን ሳይቃወሙ በዋዜማው ቀን ከሰፈራቸው ክምር ፕላስቲኩን ለይተው ያውጡ። ሽማግሌዎችም ይህን አይቃወሙም።

የጥምቀት ማግሥት ለሃይላንድ ጥሩ ቀን ነው፤ ግን ከሰበካ ጉባኤውና ከቀበሌው ጽዳት ሠራተኞች ጋር ሳይነጋገሩ አይውጡ። ቦታው ለእነሱ እንጀራ ሊሆን ይችላል። በግንቦት ደግሞ የግቢውን ቦይ ማጽዳት ይሻላል፤ ክረምቱ የሚያወርደው ፌስታል ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ የሚሄደው በዚያ ነው።

የመምህሩ ድካም

ክበቡ ሁለት ተጠሪ መምህር ይኑረው፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሲዛወር ሥራው እንዳይቆም። በሳምንት ከሁለት ከሰዓት በላይ አይስጡት። በፈተና ሳምንት ክበቡ ይዘጋ። የቀሩት ሦስት ልጆች ብቻ ቢሆኑም በሦስት ልጅ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ሥራውን አሳንሰው፣ አንድ ጆንያ ብቻ አቁመው ይቀጥሉ። ሥራውን ሁሉ ሁለት ታታሪ ሴት ልጆች ብቻ ሲሠሩት፣ ወንዶቹ ደግሞ ቁጥር ጸሐፊ ብቻ ሲሆኑ ካዩ ተራ ያውጡ፤ ይህ ሳይታይ ከቆየ ሁለቱም ይሄዳሉ።

በሰኔ ከመዘጋቱ በፊት ያልበሰለው ክምር በአሮጌ ሸራ ይሸፈን፣ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ይቆፈርለት፤ የባሕር ዳር ክረምት ያልተሸፈነ ክምር አጥቦ ይወስዳል። የበሰለው ተነፍቶ ለጎመን መደብና ለችግኞቹ ይሰጥ። ሚዛኑ፣ ደብተሩና የቀረው ገንዘብ በቃለ ጉባኤ ለንብረት ክፍል ይግቡ፤ በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የመጨረሻው ሳምንት ቁጥርና በመስከረም መጀመሪያ የሚጠየቁት የሦስቱ ገዢዎች መገኛ ሰፈር ይጻፍ።